ለክሮኖ ብስክሌታችን ባለውለታ፣ ለጋሼ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፤ ይህ በለንደንና አካባቢው ክሮኖ (እያንዳንዱ ብቻውን እየነዳ በሰዓት የሚለካበት ውድድር) ከምንወዳደር አማተር ብስክሌተኞች በጋራ የቀረበ ምስጋና ነው። የ10 ማይልም ሆነ የ25 ማይል የግል ምርጥ ሰዓታችንን ያሻሻልነው በአንድ መካኒክ እጅ ነው። ስማቸውን አደባባይ እንዳናወጣ ስለለመኑን እንደምንጠራቸው ጋሼ ብለን እንቀጥላለን። ስለ ሥራቸው ግን ዝም ማለት አልቻልንም።

ክሮኖ እዚህ አገር የቆየ የአማተሮች ስፖርት ነው። ተወዳዳሪው በየአንድ ደቂቃው ልዩነት ብቻውን ይለቀቃል። ከፊቱ ያለውን ሲደርስበት አልፎት ይሄዳል እንጂ ከኋላው ተጠልሎ መንዳት ክልክል ነው። ስለዚህ ትግሉ ሁሉ ከአየር ጋር ነው፤ የጋሼም ሙያ እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «የካርቦን ቸርኬ ለመግዛት አትቸኩል» የሚል ምክር ነው። ምክንያታቸውን በቁጥር ያስረዳሉ። ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 240 ዋት ገደማ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 205 ዋት ያህሉ አየሩን ለመግፋት፣ የቀረው ደግሞ በጎማና በአስፋልቱ መካከል ይባክናል። አየሩን አብዝቶ የሚይዘው ብስክሌቱ ሳይሆን የነጂው ሰውነት ነው። አቀማመጥ በማስተካከል ብቻ የአየሩ መቋቋም በ12 በመቶ ቢቀንስ፣ በዚያው ጉልበት 10 ማይሉ ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ወደ 23 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ግድም ይወርዳል። ይህን ያህል ሰከንድ በልምምድ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሠራራቸው የሚጀምረው ከኮርቻው ነው። ከፍታው ሳይስተካከል መሪውን አይነኩም። ቀጥሎ ኮርቻውን ወደፊት ይገፋሉ፤ ምክንያቱም ሰውነት ወደፊት ተጋድሞ ዳሌው ካልዞረ ጉልበት ከሆድ ጋር ይጋጫል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ዋቱም ይወርዳል። ያም ሆኖ ጉልበት ወደ ላይ ሲመጣ ደረት የሚነካ ከሆነ ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ያሳጥራሉ። 172.5 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ165 ሲቀይሩ ኮርቻውን በዚያው ልክ በ7.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ይህን ሁለተኛውን እርምጃ የሚረሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ክራንኩን ብቻ ቀይረው «አልጠቀመኝም» የሚሉት በዚህ የተነሳ ነው። የኮርቻውን አፍንጫም በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያደርጉታል፤ አለዚያ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መደንዘዝ ይጀምርና ነጂው ቦታውን እየለቀቀ ይቁነጠነጣል።

የክርን መደገፊያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ አያወርዱትም። ዝቅ ማለት ሁልጊዜ ፍጥነት አይደለም። ትከሻው ተሰብስቦ ጭንቅላቱ በትከሻዎቹ መካከል ከገባ፣ መሪው ትንሽ ከፍ ቢልም አየሩ በተሻለ ሊያልፍ ይችላል። ሌላው ቀርቶ አንገቱ ደክሞት ጭንቅላቱን በየደቂቃው የሚያነሳ ሰው ያተረፈውን ሁሉ ያጣል። ጋሼ በጣም የሚጠነቀቁበት ሌላም ነገር አለ፦ ነጂው አቀማመጡን ሳይለቅ ቢያንስ መቶ ሜትር ወደፊት ማየት ካልቻለ ያንን አቀማመጥ አያጸድቁም። ውድድሩ ለመኪና ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ነውና፣ ጠርዝ ላይ የቆመ መኪና ያላየ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ለዚህ ጥንቃቄያቸው ብቻ ብናመሰግናቸው አይበዛባቸውም።

ለውጡ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጡበት መንገድ ደግሞ ከሌላው ይለያቸዋል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ጸጥ ባለ መንገድ፣ የዋት መለኪያና የቸርኬ ፍጥነት መቁጠሪያ ተገጥሞ፣ በአንድ ዓይነት ዋት ደርሶ መልስ ያስነዳሉ። መጀመሪያ በአሮጌው አቀማመጥ፣ ቀጥሎ በአዲሱ፣ ከዚያ እንደገና በአሮጌው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ውጤት ካልተቀራረበ ነፋሱ ወይም ሙቀቱ ተቀይሯል ማለት ነውና ቀኑን ሙሉ የተለፋበትን ልኬት ይጥሉታል። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። የራስ ቁርና መደገፊያ አንድ ላይ ቀይሮ ፈጠንኩ የሚል ሰው ያፈጠነው የቱ እንደሆነ አያውቅም። ውድ የሆነ ሹል የራስ ቁር ለአንዱ ሲጠቅም ለሌላው ጅራቱ ከጀርባ ተነጥሎ አየር ሲይዝ የሚታየው በዚህ ልኬት ነው።

ጎማ ላይም ያው ጥንቃቄ ነው። ላቴክስ ካላማዳሪያ ከተለመደው ጥቂት ዋት ይቆጥባል፤ ግን ስስ ነው። የታልክ ዱቄት ቀብተው፣ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ነፍተው ያስገቡታል፤ ከዚያ በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል የተቆነጠጠ መኖሩን ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ ያያሉ። የተቆነጠጠ ላቴክስ ሲነፋ ዝም ይልና መንገድ ላይ ይፈነዳል። ደግሞም አየር በአንድ ሌሊት ስለሚያመልጠው የሚነፋው በውድድሩ ጠዋት ነው። ለ75 ኪሎ ሰው በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ85 እስከ 90 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። 120 መንፋት የሚያፈጥን ይመስላል፤ ሻካራ አስፋልት ላይ ግን ብስክሌቱን እያነጠረ ጉልበት ይበላል።

ካቴናውን በዘይት ሳይሆን በሰም ያዘጋጁታል። አዲስ ካቴና ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ግራሶ ሰሙን አያስይዝም። ስለዚህ ፈሳሹ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ደጋግመው በማሟሟቻ ያጥቡታል፤ በመጨረሻም በአልኮል። ከደረቀ በኋላ 90 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የፓራፊን ሰም ውስጥ ይነክሩትና አረፋ መስጠቱን እስኪያቆም ያወዛውዙታል፤ አረፋው ቆመ ማለት ሰሙ በየመጋጠሚያው ገባ ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ሽቦ ይደርቃል፤ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማጠፍ ያስፈልጋል። ዝናብ ያገኘው ካቴና ግን እንደገና መነከር አለበት፤ ሳይዘገይ ካልሆነ ይዝጋል።

ቡሎን የሚያጠብቁት የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር በሚለካ ቁልፍ ነው፤ ብዙ የካርቦን መሪ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ተጽፎ ታያላችሁ። ክሮኖ ላይ አብዝቶ የሚበላሸው የክርን መደገፊያው ነው። ጉድጓድ ሲያገኝ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የሚያጠብቅ የካርቦን ቅባት ይጠቀማሉ እንጂ ከልኩ በላይ አያጠብቁም። ሥራውን ሲጨርሱ የኮርቻውን ቱቦ በቴፕ ጠቅልለው በቀጭን ብዕር መስመር ያሰምሩበታል፤ ከክራንኩ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለውንም ርቀት በሚሊ ሜትር ጽፈው ይሰጣሉ። ብስክሌቱ ለጉዞ ተፈትቶ ሲገጠም ያች ወረቀት ሁሉን ነገር ወደ ቦታው ትመልሳለች።

ከብስክሌቱ ባሻገርም ይመክራሉ። ከመነሻው በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ሰውነት ማሟሟቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ከታቀደው ዋት በታች መያዝ፤ በጉጉት 350 ዋት አውጥቶ የጀመረ ሰው አጋማሹ ላይ ይከፍለዋል። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ 5 በመቶ ያህል ጨምሮ፣ ከኋላ ሲገፋ ቀንሶ መንዳት ይሻላል፤ ምክንያቱም ረጅሙ ጊዜ የሚያልፈው ዘገምተኛው ክፍል ላይ ነው። የደረት ቁጥሩ ወገብ ላይ በአራቱም ማዕዘን ተጠብቆ ይሰፋ፣ እንዳይርገበገብ። የፊትና የኋላ መብራት ካልበራ ማስነሻው ላይ ይመልሷችኋል። መነሻው ላይ የዘገየ ሰው ሰዓቱ በተመደበለት ደቂቃ ይጀምራል እንጂ እሱን አይጠብቅም።

ጋሼ ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፤ የማያስፈልግ ዕቃ አያስገዙም፤ ያለውን በማስተካከል ያተረፉልን ብዙ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለሚፈልጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትሄዱ ብስክሌቱን አጥባችሁ፣ የምትወዳደሩበትን ጫማ፣ ወጥ ልብስና የራስ ቁር ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮ ከውድድሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ፤ አዲስ አቀማመጥ በአንድ ሳምንት አይለመድም፣ እሳቸውም ለነገ ውድድር ብላችሁ ብትለምኗቸው መሪ አይነኩም።