ለአጭር ፈቃድ የመጣ የመርከብ ሠራተኛ በሐይቅ ዳር፦ ስለ ዓሣ ቤቱና ስለ ጀልባው

በመንገደኞች መዝናኛ መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት የምሠራና በየወደቡ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚፈቀድልኝ ሰው ስለሆንሁ፣ ምግብ ቤትን ቶሎ መመዘን ለምጃለሁ። ለፈቃድ ደሴ በመጣሁ ጊዜም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ፣ በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ውኃው ዳር ወዳለ አንድ ዓሣ ቤት ጎራ አልሁ።

የተጠበሰው ቆሮሶ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ ለስላሳ ሲሆን፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ሲቀርብ በመርከባችን በበረዶ ከርሞ ከሚወጣው ዓሣ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መስተንግዶው ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሒሳብ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ጀልባው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ያደርሳል። ቦታው አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ባቀኑበት ጊዜ ደሴት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግርም ይኬዳል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ባለጀልባው ቀድሞ ስላልነገረን፣ እኅቴ ደጅ ቀርታ ጠበቀችኝ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሕይወት አድን ጃኬት አለመኖሩ ነው፤ የአደጋ ጊዜ ልምምድ የዘወትር ሥራው ለሆነ መርከበኛ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለዓሣው እመለሳለሁ፤ ጃኬት እስኪገዙ ድረስ ግን ወደ ገዳሙ የምሄደው በእግሬ ነው።