በመስታወት ፋንታ ድርብ ፖሊካርቦኔት፦ ለሱሉልታ በረዶና ውርጭ የሚሆን የግሪን ሃውስ ልባስ

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሠራ ግሪን ሃውስ በክረምት በረዶ ይወርድበታል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያድርበታል፣ በጋውን ሙሉ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ያርፍበታል። መስታወት ፀሐዩን ችሎ ለረጅም ዘመን ሳይደበዝዝ ይኖራል፤ በረዶ ወይም የተወረወረ ድንጋይ ሲያርፍበት ግን ስለታም ስብርባሪው ወደ መደቡ አፈር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጁ ችግኝ የሚያዛውር ሰው እያንዳንዱን እፍኝ አፈር እየፈራ ነው የሚዝቀው። ቴምፐርድ የሚባለው የጠነከረ መስታወት ሲሰበር ወደ ደቃቅ ፍርፋሪ ስለሚለወጥ ያን ያህል አይቆርጥም፤ ነገር ግን ከጠነከረ በኋላ መቁረጥም ሆነ መብሳት ስለማይቻል እያንዳንዱ በልኩ ታዝዞ መሠራት አለበት፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ የሚመች አይደለም።

በዚህ ምክንያት በግቢዬ ላለው የቲማቲም፣ የቃሪያና የሰላጣ ግሪን ሃውስ የመረጥኩት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ድርብ ፖሊካርቦኔት ነው። ይህ የጠንካራ ፕላስቲክ ሉህ ሁለት ስስ ገጾች በመሃላቸው ባሉ ቀጫጭን ግድግዳዎች ተያይዘው አየር የያዙ ቦዮች የሚፈጥሩበት ነው። 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ይህ 1.3 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከባድ ብረት ሳያስፈልግ በቀጭን ቱቦላሬ ወይም በደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸከሙታል። በቦዮቹ ውስጥ የታሰረው አየር የሚያመልጠውን ሙቀት ከአንድ ንብርብር መስታወት ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ ይቀንሰዋል፤ በውርጭ ሌሊት ይህ ልዩነት በቲማቲም ቅጠል ላይ በግልጽ ይታያል። በረዶ ሲወርድ ድምፁ ውስጥ ላለ ሰው ያስደነግጣል፤ ካባራ በኋላ ጣሪያውን ቀርቤ ስመለከት ግን ከጥቂት የተነካኩ ነጥቦች በቀር ስንጥቅ አላየሁበትም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። መስታወት 90 በመቶ ያህል ብርሃን ሲያሳልፍ ይህ የሚያሳልፈው 80 በመቶ ያህሉን ነው። በበጋ ይህ ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም ብርሃኑ ተበትኖ ስለሚገባ ቅጠል አያቃጥልም። ደመናው በሚከብድበት በሐምሌና በነሐሴ ግን ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ሊመዘዝ ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ከውፍረቱ ይልቅ የአልትራቫዮሌት፣ ማለትም ፕላስቲክን የሚጎዳው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ መከላከያው ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ ሱሉልታ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። መከላከያ የሌለው ፖሊካርቦኔት በእንዲህ ያለ ፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ትንሽ በረዶ ይበሳዋል። መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ያለ እጅግ ስስ ሽፋን ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ የትኛው ገጽ ወደ ውጭ እንደሚዞር የሚናገረው በሉሁ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ ብቻ ነው። አንድ ሻጭ ይህን ላስቲክ አስቀድሞ ልጦ “ሁለቱም ፊት አንድ ነው” ሲለኝ ዕቃውን ትቼ ወጣሁ፤ ማንም ሰው እንዲሁ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። ሌላው መፈተኛ ሚዛን ነው፦ 2.10 በ5.80 ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሉህ ወደ 16 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይገባዋል፤ ከዚያ በእጅጉ ከቀለለ ገጾቹ ሳስተዋል ማለት ነው።

ጥሩ ዕቃም ቢሆን በአገጣጠም ይበላሻል። ቦዮቹ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለባቸው፤ የላይኛው ጫፍ በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸጋል፣ የታችኛው ደግሞ እርጥበት አስወጥቶ አቧራ በሚከለክል ባለ ቀዳዳ ቴፕ ይሸፈናል። ጫፉ ክፍት በተተወ አንድ የአካባቢያችን ግሪን ሃውስ ላይ ውሃ በቦዮቹ ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ አረንጓዴ አልጌ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያንን በየትኛውም መንገድ አጥቦ ማውጣት ያዳግታል። ፖሊካርቦኔት በሙቀት ከመስታወት ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ በሌሊት ውርጭና በቀትር ፀሐይ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 3 ሜትር ርዝመት ያለው ሉህ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ብሎ ይበሳል፣ ከብሎኑ ራስ ሥር የጎማ ዋሸር ይደረጋል፣ ብሎኑም ሉሁን እስኪያጎደጉድ ድረስ አይጠብቅም። ሠራተኛ “እንዳይነቃነቅ” ብሎ አጥብቆ ሲያስር ዝም ብሎ ማየት አይገባም፤ ሉሁ የሚሰነጠቀው ከዚያው ቀዳዳ ተነሥቶ ነው። ጽሑፍ ያለበት ላስቲክም ሉሁ እንደተገጠመ ወዲያው ይላጥ፤ ፀሐይ ከመታው ተጣብቆ ይቀራል። ለእጥበት ለስላሳ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ ቤንዚንና ቲነር ግን ሉሁን ይሰነጣጥቁታል።

አክሪሊክ የሚባለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ ከዚህ የጠራ ብርሃን ያሳልፋል፣ በፀሐይም አይጠቁርም፤ ሲበሳ ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅና በረዶን ስለማይችል ለጣሪያ አልመርጠውም። ብርሃን የሚያሳልፈው የፋይበር ግላስ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ገጹ ተበልቶ ክሩ ይወጣል፣ አቧራም ይይዛል።

በሆለታና በሰበታ የአበባ እርሻዎች ላይ የሚታየው ላስቲክ የተለየ ስሌት አለው። የአልትራቫዮሌት መከላከያ የተጨመረበት 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ላስቲክ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል፤ ለሻጋታ በሽታ ድኝ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የላስቲኩ ዕድሜ ከዚህም እንደሚያጥር ይወቅ። ሰፊ ማሳ ለሚሸፍን ገበሬ ከዋጋው አንጻር የሚያዋጣው እርሱ ነው። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ ለቤት ፍጆታ አትክልት ለሚያለማ ሰው ግን፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ድርብ ፖሊካርቦኔት፣ የሱሉልታ ንፋስ ለሚበረታበት ክፍት ሜዳ ደግሞ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትሩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።