ኤ520 ማዘርቦርድ ከራይዘን 5 5600ጂ ጋር፦ ያለ ግራፊክስ ካርድ ወራት የሠራ ኮምፒውተር

ይህን ኤ520 ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ቦርድ) የገዛሁት ሁለት ነው። አንዱን ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ላላቸው ደንበኛዬ ገጠምኩት፣ ሌላው እኔው ጋ የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የተገዙት በ2017 ክረምት ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚያቆም አስታውቆ ስለነበር፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ «ምን ይሻለኛል?» እያለ ይመጣ ነበር። የደንበኛዬ አሮጌ ማሽን አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለነበረ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበለውም። በዚያ ላይ ሁለት ስክሪን ይፈልጋሉ፤ በአንዱ በፓወር ግዕዝ ይጻፋል፣ በሌላው ፎቶሾፕ ላይ ጉርድ ፎቶ ይሠራል።

የቦርዱን ሠሪ ስም አልጠቅስም። አሱስም፣ ጊጋባይትም፣ ኤምኤስአይም፣ አስሮክም በኤ520 ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች በሚያገናኘው የኤኤምዲ ቺፕ) የሚያወጧቸው ርካሽ ቦርዶች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ እኛ ገበያ የሚገኘውም በዚያ ሰሞን ከዱባይ የገባው ነው። የኔዎቹ ማይክሮ ኤቲኤክስ (አነስ ያለ መጠን) ናቸው፤ ሁለት የራም ማስገቢያ፣ ለኤስኤስዲ አንድ ኤም.2፣ ለዲስክ አራት ሳታ፣ ጀርባቸው ላይ ደግሞ ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአይ-ዲ እና ቪጂኤ የስክሪን መሰኪያ አላቸው። የምጽፈው እንዲህ ያለ ቦርድ ለሚገዛ ሁሉ ይጠቅማል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሰው ሱቅ ገብቶ «ግራፊክስ ያለው ቦርድ ስጠኝ» ይላል። ድሮ ልክ ነበር፤ ግራፊክሱ (ምስሉን ለስክሪን የሚያዘጋጀው ክፍል) ቦርዱ ላይ ካለው ቺፕ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 እና 2011 ወዲህ ግን ፕሮሰሰር ሠሪዎቹ ኢንቴልም ኤኤምዲም ግራፊክሱን ወደ ፕሮሰሰሩ አዛውረውታል። ዛሬ ቦርዱ ላይ ያለው የኬብል መሰኪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤችዲኤምአይ ያለው ቦርድ ላይ የኤኤምዲን ራይዘን 5 5600 ወይም 5500 ብትገጥም ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የግድ እንደ 5600ጂ መጨረሻው ላይ ጂ ያለበት መሆን አለበት። በኢንቴል በኩልም አይ3-12100 ግራፊክስ አለው፣ 12100ኤፍ የለውም። ኤፍ ያለበት ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው ይወስደዋል፤ ከዚያ «ቦርዱ ተበላሽቷል» ብሎ ይመለሳል። ቦርዱ ምንም አልሆነም።

ሌላው ወጥመድ 3200ጂ እና 3400ጂ የተባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ናቸው። ያገለገሉ በርካሽ ይገኛሉ፣ ቦርዱ ላይ የሚገጠሙበት ሶኬትም ያው ኤኤም4 ነው፣ ነገር ግን ኤኤምዲ ለኤ520 ባወጣው ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የሚያስነሷቸው ቦርዶች ቢኖሩም፣ የቦርዱን ሠሪ ዝርዝር ሳያዩ መግዛት ገንዘብን መበተን ነው። 5600ጂም ቢሆን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የወጣ ሲሆን ኤ520 ከእሱ አንድ ዓመት ይቀድማል። መደርደሪያ ላይ የቆየ ቦርድ አዲስ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልተጫነበት 5600ጂን አያውቀውም፤ ርካሾቹ ቦርዶች ደግሞ ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚጫንበት ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። እኔ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት «እዚሁ ገጥመህ አስነስተህ አሳየኝ» እላለሁ። ጥሩ ነጋዴ ቅር አይለውም።

ደንበኛዬ ወደ እኔ ሲመጡ ሌላ ቦታ ያሠሩትን ፕሮፎርማ ይዘው ነበር። ደካማ ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም፣ እና «ለፎቶሾፕ» ተብሎ ጂቲ 710 ግራፊክስ ካርድ። ይህ ካርድ ኬፕለር በተባለው የቆየ ቺፕ የተሠራ ነው፤ ሠሪው ኤንቪዲያ ለኬፕለር መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አቁሟል። 5600ጂ ውስጥ ያለው ቬጋ 7 ግራፊክስ ጂቲ 710ን በብዙ ይበልጠዋል፤ የሚመጣጠነው ከጂቲ 1030 ካርድ ጋር ነው። ስለዚህ የካርዱን ገንዘብ አውጥቼ ግማሹን ፕሮሰሰሩ ላይ፣ ግማሹን ራሙ ላይ አደረግኩት። ዛሬ ላይ ሆኜም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ፤ ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ያለው ፕሮሰሰር ፒዲኤፍ ሲቀይርም፣ አራት መቶ ገጽ ወደ ፕሪንተር ሲልክም፣ በጎን ፎቶሾፕ ተከፍቶም ሃንግ አያደርግም። ሰኔ ላይ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ በር ላይ ሲሰለፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ ልዩነት ያመጣው ግን ራሙ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይበት። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ራም ይጋራል። ዲዲአር4-3200 (3200 ፍጥነቱ ነው) አንድ ራም ሲሰካ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ ሁለት ሲሰካ 51.2። አንድ ባለ 16 እና ሁለት ባለ 8 ሲደመሩ እኩል ናቸው፣ ለግራፊክሱ ግን ሁለተኛው እጥፍ መንገድ ነው። እኔ ጋ ባለው ማሽን አንዱን ራም ነቅዬ ሞክሬዋለሁ፦ ትልቅ የባነር ፋይል በኮረል ድሮው ከፍቼ በማውዝ ስጎትተው ምስሉ እየተቆራረጠ ይከተለኛል፤ ሁለተኛውን መልሼ ስሰካው ይለሰልሳል። መለኪያ ሳያስፈልግ በዓይን የሚታይ ነው። ነጋዴ «አንድ ባለ 16 ውሰድ፣ ለወደፊት ሌላ ትጨምራለህ» ይላል። ግራፊክስ ካርድ ላለው ማሽን ይሁን ያስኬዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ግን ያ «ወደፊት» እስኪመጣ ድረስ የግራፊክሱን ግማሽ መንገድ ጥለህ ነው የምትሠራው።

ከገጠምክ በኋላም ባዮስ ግባ። ፓኬቱ ላይ 3200 የተጻፈበት ራም ሁሉ በ3200 አይነሳም፤ አንዳንዱ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደው የባዮስ ምርጫ) እስኪበራለት ድረስ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሄደው። እዚያው ባዮስ ውስጥ ለግራፊክሱ ስንት ሚሞሪ እንደሚያዝ የሚወስን ቦታ አለ። በአውቶ ከተተወ 512 ሜጋ ይይዛል። ፎቶሾፕን የመሰሉ ፕሮግራሞች የግራፊክስ ሚሞሪውን መጠን ስለሚያዩ እኔ 2 ጊጋ ሰጥቼዋለሁ። በዚህም የተነሳ ደንበኛዬ ከቀናት በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ 16 ነው ብለህ አልነበር? እዚህ 13.9 ይላል። የቀረው የት ገባ?»

«እትዬ፣ የቀረው አልጠፋም፤ ለስክሪኑ ሥራ ተይዞ ነው። ካርድ ብንገዛ ኖሮ ካርዱ ላይ የሚሆነው ነው።»

«እንግዲያው ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላቸው። ልክ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ደንበኛ ማሽኑን ከማስረከቤ በፊት ይህንን ቁጥር አሳያለሁ፤ ሳይነገረው ያገኘው ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም።

ስክሪኖቹ ሁለቱም የቆዩ ስለነበሩ የመሰኪያው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። አንዱ ቪጂኤ ብቻ አለው፣ ሌላው ዲቪአይ። አዳዲስ ቦርዶች ቪጂኤውን እየተውት ነው፤ እኛ ከተማ ግን ስንት ቢሮ ቪጂኤ ስክሪን ይዞ ተቀምጧል! ሦስቱንም የያዘ ቦርድ መምረጤ ሁለት አዲስ ስክሪን ከመግዛት አድኗቸዋል። ዲቪአይን በትንሿ መቀየሪያ ወደ ቪጂኤ ለመቀየር የምታስብ ካለህ ግን አስቀድመህ መሰኪያውን አስተውል፦ ከጠፍጣፋዋ ስንጥቅ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከሌሉት ዲቪአይ-ዲ ነው፣ ዲጂታል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ያቺ መቀየሪያ አትሠራበትም።

በእነዚህ ርካሽ ቦርዶች ላይ ፕሮሰሰሩን የሚመግበው የኃይል ክፍል ብዙ ጊዜ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን የሚያስወጣ ብረት) የለውም፤ የኔዎቹም የላቸውም። 5600ጂ በወረቀት 65 ዋት ይባላል፣ በሥራ ጫና ጊዜ ግን እስከ 88 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ያም ሆኖ ችግር አላየሁም፤ አንዱ ምክንያት ከፓኬቱ ጋር የሚመጣው ፋን አየሩን ቁልቁል ወደ ቦርዱ ስለሚነፋ የኃይል ክፍሉንም ራሙንም አብሮ ማቀዝቀዙ ነው። አየሩን ወደ ጎን የሚነፋ ረጅም ማቀዝቀዣ ለማማር ብሎ የሚገጥም ሰው ይህን ጥቅም ያጣል። ስድስት ኪሎ ያለው ማሽን ከፎቶ ኮፒው ጎን ስለሆነ የቶነር ብናኝና የመንገዱ አቧራ ፋኑ ላይ ይጋገራል፤ በየጊዜው ከፍቼ እነፋዋለሁ።

ካየሁት ጉድለት ትልቁ የባዮስ ባትሪው ነው። ደንበኛዬ ማታ ሲዘጉ ሶኬቱን ከግድግዳ ይነቅላሉ፤ የመብራት ነገር ስለማይታመን ጥሩ ልማድ ነው። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ግን ሰዓቱን የሚያቆየው ያቺ የሳንቲም ባትሪ ብቻዋን ናት። አዲስ የተባለው ቦርድ ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ደከመ። አንድ ጠዋት ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ አገኙት፣ ኢሜይሉም የባንኩም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍት አለ። ቫይረስ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር። 2032 የምትባለውን ባትሪ ቀይሬ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ኤክስኤምፒውንና 2 ጊጋውንም መልሼ ሞላሁ፤ አለቀ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳም ባዮሱ ላይ ዘግቼዋለሁ፤ መብራት ሲመለስ የመጀመሪያው ብልጭታ ላይ ጠፍቶ መቆየቱ ይሻለዋል። ዩፒኤስ ግን የግድ ነው።

ሌላው የኬዝ ፋን መሰኪያው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ መከፋፈያ ኬብል መግዛት ነበረብኝ። ዋይፋይ የለውም። ራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ስለሆነ ወደ 32 ለማደግ ያሉትን አውጥቶ መሸጥ ነው። ኤም.2ው በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (ከ4.0 የሚዘገይ የመረጃ መስመር) ይሠራል፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ 5600ጂ ራሱ ከ3.0 በላይ ስለማይሄድ ውዱን ቢ550 ቦርድ ገዝቶ ባለ 4.0 ኤስኤስዲ መሰካት ለዚህ ፕሮሰሰር ትርፍ የለውም።

ቪዲዮ አዘውትሮ ለሚያቀናብር ደንበኛ ይህን አልመርጥለትም፤ በኢንቴል ግራፊክስ ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ ማፍጠኛ ክፍል ለቪዲዮ ሥራ የተሻለ ያግዘዋል፣ ኤች610 ቦርድ ከአይ3-12100 ጋር ልየው እለዋለሁ። ፒችትሪና ኤክሴል ብቻ ለሚከፍት የሒሳብ ሠራተኛም ያው ኢንቴሉ ይበቃዋል።

አሁን ያለው ችግር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፕሮፎርማ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። በ2018 ደግሞ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰርቨሮች ስላዞሩ ራም በዓለም ገበያ ተወደደ። ደንበኛዬ ሁለተኛ ማሽን አዘውኛል። ቦርዱን ያንኑ፣ ፕሮሰሰሩንም ያንኑ ይዣለሁ። የአሮጌው ማሽን ራም የቀድሞው ዲዲአር3 ዓይነት ስለሆነ አይገባም፤ ያገለገለ ዲዲአር4 እየፈለግኩ ነው፣ ለጊዜው ሁለት ባለ 4 እንኳ ቢሆን፣ ከአንድ ባለ 8 ሁለቱን እመርጣለሁ።