ኮሞዶር 64ን በዘመኑ ቲቪ ላይ፦ ከሬትሮቲንክ 2ኤክስ ፕሮ ጋር ስምንት ወር

ሬትሮቲንክ 2ኤክስ ፕሮ የምትባለዋን፣ የድሮ ማሽን ምስል ለዘመኑ ቲቪ እንዲስማማ የምታደርግ ትንሽ መቀየሪያ፣ ኮሞዶር 64 ከሚባለው የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር ጋር መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ትበራለች። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ አልፏል፣ ስለዚህ አሁን በደንብ ልናገርላት እችላለሁ።

ኮምፒውተሩን ያገኘሁት እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ከሚቆመው የቅዳሜ ገበያ ነው። ገልብጬ ሳየው ምዕራብ ጀርመን እንደተሠራ ተጽፎበታል። ኮሞዶር ኩባንያ ብራውንሽቫይግ ከተማ ፋብሪካ ነበረው፣ ማሽኑም እዚህ አገር በጣም ተሽጧል፣ ስለዚህ አሁንም በየገበያው ይገኛል። ቤት ወስጄ አብሮት በመጣው ፓወር ሰፕላይ ሰካሁት። ቀይዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ምስል እምቢ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኬብሉን ነው። እኔም እንደዚያው ኬብል ስቀያይር አንድ ሳምንት ፈጀሁ። ችግሩ የነበረው ከግድግዳው በኩል ነው። ያ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ሁለት ነገር ይሰጣል፦ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሙጫ በሚመስል ነገር ተደፍኖ ስለተቀመጠ ሙቀቱ አይወጣም፣ ዓመታት ሲያልፉ ይበላሻል፣ ሲበላሽ ደግሞ ቮልቱ መውረድ ትቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ራም (የኮምፒውተሩ ማስታወሻ) ቺፖቹ ተራ በተራ ይሞታሉ። በቴስተር ስለካው 5.8 አሳየኝ። መጀመሪያውኑ መለካት ነበረብኝ! እባካችሁ አሮጌውን ማሽኑ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ለኩት። ከ5.2 በላይ ካነበባችሁ ጣሉትና አዲስ የተሠራ ግዙ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ማሽኑን መግደል ነው።

የሞተውን ራም ያገኘሁት ማሽኑ ላይ በሚሰካ የመመርመሪያ ካርትሪጅ ነው። ካርትሪጁን ሰክታችሁ ስታበሩ ስክሪኑ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ የብልጭታው ቁጥር ከስምንቱ ቺፖች የትኛው እንደታመመ ይነግራችኋል። ቺፑን ነቀልኩ፣ ቦታው ላይ ሶኬት በካውያ በየድኩ፣ 4164 የሚባል አዲስ ራም ቺፕ ሰካሁበት። ሳበራው ያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ 38911 ባይት ነፃ ነው የሚለው ጽሑፍም ከላይ ተቀምጧል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ የምስሉ ጉዳይ ተጀመረ።

በመጀመሪያ በአንቴና መስመር ሞከርኩት። ልጅ ሆኖ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞረ፣ ከታች ደግሞ «መጣ! አይ፣ ሄደ!» እየተባለ የተጮኸበት ሰው ምስሉን ያውቀዋል። ሁሉም ነገር በሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ከኢንተርኔት በ15 ዩሮ ርካሽ መቀየሪያ ገዛሁ። ቆሞ ለሚታይ ምስል ክፉ አይደለም። ነገሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ጉድ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የድሮ ቲቪ ስርጭት ምስሉን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚልከው፣ መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ የቀሩትን። ኮሞዶር 64 እንደዚያ አያደርግም። በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ እያንዳንዱን ምስል በአንድ ጊዜ ሙሉውን ይልካል። ርካሹ መቀየሪያ ይህን ስለማያውቅ ሁለት የተለያዩ ምስሎችን እንደ ግማሽና ግማሽ ቆጥሮ አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። የሚሮጥ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ይሆናል። ጨዋታ ውስጥ ተመትቶ ብልጭ ድርግም የሚል ገጸ ባሕርይ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ ላይ 50ውን ወደ 60 ስለሚቀይረው በየሰከንዱ አሥር ምስል ይደግማል፣ ስክሪኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት እየተደናቀፈ ይሄዳል። ቁልፍ ስትጫኑም መልሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ሬትሮቲንኳ ሥራዋ ቀላል ነው። የመጣውን መስመር ሁለት ጊዜ ትደግመዋለች፣ በቃ። ከኮሞዶሩ የሚመጣው 288 መስመር 576 ይሆናል፣ 50ው 50 ሆኖ ይቀራል። ምስሉን ማጠራቀም ስለሌለባት መዘግየት የሚባል አይሰማኝም። ከቲቪው ዩኤስቢ ትበራለች። ሪሞት የላት፣ ሜኑ የላት። ስገዛት ዋጋዋ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፣ ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ውድ ነው። እኔ ግን በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ሆኖም ብቻዋን ተአምር አትሠራም። ኬብሉ የሚወስነው ብዙ ነው፣ ይህን ያወቅሁት ደግሞ ከገዛኋት በኋላ ነው። ኮሞዶር 64 በ1982 ሲወጣ ጀምሮ የቪዲዮ ቺፑ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ያወጣል። ሁለቱን በተለያየ ሽቦ የሚያስተላልፈው፣ ኤስ-ቪዲዮ የሚባለው ሶኬት ገና ባልተወለደበት ጊዜ ማለት ነው! ስለዚህ ባለ 8 ፒን የቪዲዮ ሶኬት ያለው ማሽን ካላችሁ ሁለቱን ቀላቅሎ በሚያመጣው ተራ ቢጫ ኬብል አትጠቀሙ፣ ኤስ-ቪዲዮ ይሁን። ባለ 5 ፒኑ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ግን ቀለሙን ለብቻው አውጥተው አይሰጡም።

የመጀመሪያ ኤስ-ቪዲዮ ኬብሌ ላይ ቀለም ያለበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ሞላው፣ የዳማ ሰሌዳ ይመስላል። መቀየሪያዋ ተበላሸች ብዬ ነበር። ለካ የኮሞዶሩ የቀለም ሲግናል ኤስ-ቪዲዮ ከሚጠብቀው ይበረታል። መፍትሔው በቀለሙ ሽቦ ላይ 300 ኦም አካባቢ የሆነ አንድ ሬዚስተር (ሲግናሉን የሚያዳክም ትንሽ ዕቃ) መጨመር ነው። የጥቂት ሳንቲም ዕቃ። ገብቶበት የሚሸጥ ኬብልም አለ፣ ስትገዙ ጠይቁ። ሬዚስተሩን በይጄ 16ቱን ቀለሞች በተራ ሳወጣቸው ነጠብጣቡ ጠፍቶ ነበር።

ልታውቁት የሚገባ ሌላ ነገር፦ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምስል) የማይቀበል ስክሪን ላይ አትሠራላችሁም። የሳሎኔ ቲቪ ያለ ችግር ተቀበላት፣ የጠረጴዛዬ ሞኒተር ግን ጥቁር ሆነ። አሜሪካ ሆናችሁ ከአውሮፓ የመጣ ማሽን ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቲቪው ምስሉን ወደ ጎን ለጥጦ ካሳያችሁም በራሱ በቲቪው ሜኑ 4 በ3 (የድሮው ቲቪ ቅርጽ) አድርጉት፣ ከመቀየሪያዋ አትጠብቁ። ድምፁ ሞኖ ስለሆነ በአንድ ጎን ብቻ ይሰማል፣ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ኬብል ጨምሬ ጨረስኩት።

የቀረኝ አንድ ነገር ቀጥ ብለው የሚወርዱት ደብዛዛ መስመሮች ናቸው። ሰማያዊው ጀርባ ላይ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ እንደ መስኮት ብረት ተደርድረዋል። የሚመጡት ከራሱ ከማዘርቦርዱ ነው፣ መቀየሪያዋ የመጣላትን በታማኝነት ነው የምታሳየው። በአሮጌው ቲቪ ላይ ብዥታው ይሸፍናቸው ነበር። በሚቀጥለው ወር ክዳኑን እንደገና ከፍቼ ያረጁትን ካፓሲተሮች እለውጣለሁ። ሬዚስተር ያለበት ሁለተኛ ኬብልም አዝዣለሁ፣ የመጀመሪያው ጃኩ አካባቢ መላላት ጀምሯል።