ደሴና ኮምቦልቻ የምትኖሩ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ይህን ሰው ጥሩት

ከመሬት ስር ያለ ቧንቧና ኬብል በመሣሪያ የሚፈልገውን ይህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወደው። ትንሽ ይረዝማል፣ አንብቡልኝ።

ቤታችን ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ በየክረምቱ ጎርፉ አፈሩን እየሸረሸረ አጥሩ ስር ደረሰ። የድጋፍ ግንብ ማሠራት ግድ ሆነ። ከመሬቱ ስር ምን እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። በ1970ዎቹ የውሃውን መስመር ያስገባው አባባ ነበር። በየት በኩል እንዳሳለፈው የሚያውቀውም እሱ ብቻ። አባባ ካረፈ ቆየ፣ ነፍሱን ይማር።

መጀመሪያ በሰው በሰው አንድ ባለሙያ አገኘን። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ምንም የለም፣ ቆፍሩ" አለ። ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ቁፋሮው ሲጀመር አንዱ የቀን ሠራተኛ ልጅ ድጅኖውን ሲሰነዝር ከጉድጓዱ እሳት ብልጭ አለ። ልጁ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ። ለካ ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄድ የመብራት ኬብል እዚያው ነበር። ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን! እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ባለሙያው ስልክ አላነሳም። በስንት ልመና ሲያነሳም "እኔ መች ቆፍሩ አልኩ?" አለን።

ሌላ ሰው አመጣን። እሱ ደግሞ የጎረቤታችንን ቧንቧ አስበጠሰ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያውም በፈረቃው ቀን! እትዬ በርሜላቸውን ደርድረው እየጠበቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሱን። አልፈርድባቸውም።

አሁን የማመሰግነው ሰው ሲመጣ መሣሪያውን ቶሎ አላወጣም። የኛንም የጎረቤትንም ቆጣሪ አየ። ኮብልስቶኑ የት ጋ ተነስቶ እንደተመለሰ አየ። ከዚያ የእትዬን በር አንኳኳና "እማማ፣ የድሮው መስመር በየት በኩል ነበር?" አላቸው። ዘግተውን የከረሙት ሴትዮ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና እየዞሩ አሳዩት።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ አልገባኝም። አንዱን ክፍል ቧንቧው ላይ ያስራል፣ ሌላውን ይዞ ሲሄድ ይጮሃል። ጩኸቱ የበረታበትን በኖራ ያሰምራል። በሩ አጠገብ ሲደርስ መሣሪያው ዝም አለ። ያኔ ሰውዬው ቀና ብሎ "እህቴ፣ ይሄ የሚያሳየኝ ብረትና ኬብል ነው። ፕላስቲክ ቧንቧ አያሳየኝም። እዚህ ጋ የለም ብዬ አልዋሽሽም" አለኝ። ስንቱ ሁሉን አውቃለሁ እያለ ካቃጠለን በኋላ ይህን መስማት እንዴት እንዳሳረፈኝ!

እዚያች ቦታ ላይ ድጅኖ ከለከለ። ራሱ ተንበርክኮ በትንሽ አካፋ አፈሩን ቀስ እያለ ይልጠው ጀመር። ክንድ ሳይሞላ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ብቅ አለ። የእትዬ መስመር ነው። መንገዱ ለኮብልስቶን ሲስተካከል አፈሩ ከላይ ስለተቆረጠ ቧንቧው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ሆኖ መቅረቱን አስረዳን።

ከዚያ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። "ኖራ ያለበት ጋ ድጅኖ የለም። ቶሎ በሉ የሚል ቢመጣም እምቢ በሉ፣ ኬብል ሲመታ የሚሞተው እሱ አይደለም" አላቸው። ያ የወደቀው ልጅ ከኋላ ፈራ ፈራ እያለ ቆሞ ነበር። "አብሽር፣ ና" ብሎ ጠራውና መሣሪያውን አስያዘው። ልጁ የተበጠሰበትን የኬብል መስመር ራሱ እየተከተለ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ሲለቀው ሁላችንም አየን። እናቴ አለቀሰች። ይህን አድርግልን ብሎ የከፈለው ሰው የለም።

ግንቡ አልቋል። የማንም ውሃ አልተቋረጠም። እትዬም ቡና ጠርተውናል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ኮምቦልቻም ይወርዳል። ሴፕቲክ ታንክም ይሁን አጥር፣ ምንም ልታስቆፍሩ ብታስቡ መጀመሪያ እሱን ጥሩት። ሠራተኞቹ ከመግባታቸው ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፣ ተረጋግቶ ማየት ይወዳል። ሰፈሩን የሚያውቁ አዛውንት ካሉም በዚያ ቀን ቤት እንዲውሉ ንገሯቸው፣ መጠየቁ አይቀርም። ወንድሜ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ።