አሮጌ አይሱዙ እና የታኅሣሥ ማለዳ፦ ከ11 ወር በኋላ

ይህን አይሱዙ ኤንፒአር የገዛሁት ባለፈው የካቲት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ብዙ እጅም አልፏል። ከመርካቶ ጣውላና ቆርቆሮ ጭኜ ወደ ግንባታ ቦታዎች አደርስበታለሁ። የማሳድረው ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ጭነት ይዞ የቸርችልን ዳገት ያለ ጭንቅ ይወጣል። ካሶኒው ጠንካራ ነው፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲደበድበው አድሮ፣ ጠዋት አንድ ቁልፍ ይበቃው ነበር። ብርድ ቻይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ነበር። የአዲስ አበባ ክፉ ብርድ የክረምቱ አይደለም። ክረምት ላይ ደመናው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሁሉ ሲለቅ ያድርና ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ ዞረ። ሞተሩ ግን አልነሳም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። አጠገባችን የሚኖሩ እናት በራቸውን ከፍተው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ «ልጄ፣ ኧረ ጭሱ ቤት ገባ» አሉኝ። አስም አለባቸው። የዚያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ፣ እኔና ረዳቴ መኪናውን በየማለዳው እየገፋን ከግቢ እያስወጣን ነበር የምናስነሳው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ናፍጣው ረግቶ ነው» ይለኛል። ናፍጣው ረግቶ ቢሆን ግን ጭሱ ከየት ይመጣል? ነጭ ጭስ፣ ያውም ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሳይቃጠል እየወጣ ነው ማለት ነው። የጎደለው ሙቀት ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ አይነሳም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ያ ግለት ነው። እኛ ያለንበት ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ብርድና ያረጀ ሞተር ሲጨመርበት አስቡት።

ለመካኒኩ «ጋሼ፣ ሞተሩ አለቀለት እንዴ?» አልኳቸው። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ባትሪውን እንየው» አሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ አድናኛለች።

መኪናው በ24 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው ማለት ነው። ለየብቻ ሲለኩ አንዱ 12.5፣ ሌላው 11.9 አሳየ። ምክንያቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ባለ 12 ቮልት ቴፕና የስልክ ቻርጀር ከአንዱ ባትሪ ብቻ ስቦ አስሮ ነበር። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይራቆታል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያያቸው አንዱን ከልክ በላይ ይሞላዋል፤ ሌላውን ሳይሞላ ይተወዋል። ለቴፑ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገባን። ባትሪዎቹንም ሁለቱንም ባንድ ቀን፣ ተመሳሳይ ገዝቼ ቀየርኩ። አንዱን ብቻ ለመቀየር አታስቡ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

ሞተሪኖው ጉልበት አገኘ። ጭሱ ግን ቀጠለ። ያኔ ነው ከማስነሳት በፊት ሲሊንደሩን ወደሚያሞቁት ማሞቂያ ካንዴላዎች የሄድነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ጠመዝማዛ ምልክት በርታ ትጠፋለች፤ እኔም ይሠራሉ ብዬ ነበር። መብራቷ ግን ሰዓቷን ጠብቃ ነው የምትጠፋው፤ ካንዴላው ቢቃጠልም አታውቅም። በቴስተር ስንለካቸው ከአራቱ ሦስቱ ሞተዋል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ቸኩዬ ከአንድ ሱቅ አራት ገዛሁ። ሻጩ «የአይሱዙ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ሁለት ማለዳ ቁልፍ ሳስነካው ተነሳ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ያው ጭስ ተመለሰ። ሲፈቱ የባለ 12 ቮልት ካንዴላዎች ሆነው ተገኙ። በ24 ቮልት ሁሉም ተቃጥለዋል፤ የአንዱ ጫፍ አብጦ ለመውጣት አስቸገረ። ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ማስከፈት ነበር የሚጠብቀኝ። ቮልቱ እኮ አካሉ ላይ ተጽፏል። ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ትክክለኛው ከገባ ወዲህ፣ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስካሁን፣ ምልክቷ እስክትጠፋ እጠብቃለሁ፤ አንዴ ደግሜ አሞቀዋለሁ፤ ከዚያ ቁልፍ። ገና ሳምንት የነበረውን ብርድ እንኳ በዚሁ አለፈው።

ዘይቱንም ቀይሬያለሁ። የቀድሞው ባለቤት «ዘይት እንዳይበላ» ብሎ ወፍራም ባለ 40 ሞልቶበት ነበር፤ ማለዳ ላይ እንደ ማር ይከብዳል። አሁን በብርድ ያን ያህል የማይወፍረው 15ደብልዩ-40 ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው በታች የተሰነጠቀ ጎማም ቀየርን፤ አየር እያስገባ ናፍጣውን ሌሊት ወደ ታንከር ይመልሰው ነበር። የናፍጣውን የእጅ ፓምፕ ስትመቱ ቶሎ የሚነሳላችሁ ከሆነ ይህን ፈልጉ።

በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ ማድረግ ግን ተዉት። ረዳቴ አንድ ቀን ሞክሮት ሞተሩ እንደ መዶሻ ተንኳኳ። ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስተኑን ይመታዋል፤ ፋሻውንም፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ ይሰብራል። ማሞቂያው በርቶ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ወደ ሰው ሊመለስ ይችላል።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ እገዛዋለሁ። ያስቸገረኝ ዕድሜውና ሰው የነካካው ሽቦ እንጂ አሠራሩ አይደለም። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ጭመቃው ደክሟል፣ በጣም በቀዘቀዘ ንጋት ለጥቂት ሰከንድ በሦስት እግሩ ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ አስከፍተዋለሁ። እስከዚያ መኪናውን የማቆመው ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ወደ ግቢው በር ዞሮ፣ ከእናታችን መስኮት ርቆ ነው።