ለልጅ መጽሐፍ የምትፈልጉ ሁሉ፣ ቲቸር ጋ ሂዱ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ "ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ" ስል ሥራና ቤት እያዋከበኝ ቆየሁ። አሁን ደግሞ የገና በዓል እየደረሰ ነው። የቢሮ ጓደኞቼም "ለልጆቹ ምን ይገዛ?" ማለት ጀምረዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምናገር አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ። ለልጅ የበዓል ስጦታ የሚሆን መጽሐፍ የምትፈልጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ቲቸር ጋ ሂዱ።

ቲቸር የአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ቤት ባለቤት ናቸው። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው" ስላሉኝ አክብሬላቸዋለሁ። ደንበኛው ሁሉ የሚጠራቸው ቲቸር እያለ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ሱቋ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቀድሞ ፒያሳ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ መጽሐፋቸውን በካርቶን ጠቅልለው ወደዚህ መጡ። ብዙ የድሮ ደንበኞቻቸው የት እንደገቡ እስካሁን አያውቁም። ለመጻፍ ያስቸኮለኝ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው የግል ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች። አማርኛ ሲሆን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ትጀምርና መሃል ላይ አቁማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። የኔ ቤት ችግር ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያማርረው ነገር ነው። አያቷ ደብረ ብርሃን ናቸው። ስልክ ላይ "እስቲ የኔ ልጅ፣ ከመጽሐፍሽ ትንሽ አንብቢልኝ" ሲሏት ስልኩን ለኔ ታቀብለኛለች። ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ስለዚህ ለዘንድሮው አዲስ ዓመት ቀሚስና ጫማው ይቅርና ለእሷም ለእህቴና ለወንድሜ ልጆችም መጽሐፍ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ፍለጋው ግን አንገሸገሸኝ።

መጀመሪያ የገባሁት ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ቤት ነው። መጽሐፉ ሁሉ በላስቲክ ታሽጓል። አንዱን ከፍቼ ልይ ስል ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል "ሳይገዙ መክፈት አይቻልም" አለኝ። "ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩት። "የልጅ ነው" አለኝ፤ በቃ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር እንደማይቀመስ አውቃለሁ። በዋጋው አልፈርድም። ግን ያን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው ገጹን ገልጦ እንዳያይ እንዴት ይከለከላል?

ሌላው ቤት ደግሞ ብሶ አገኘሁት። ለታናሿ የእህቴ ልጅ የፊደል መጽሐፍ አነሳሁ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ውስጡን ስገልጠው "ቀ" ሥር የጦጣ ሥዕል ተቀምጧል። ጰ እና ጸ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሕፃን ልጅ ፊደል የሚቆጥርበትን መጽሐፍ አንድ ሰው እንኳ ሳያርመው እንዴት ታትሞ ይወጣል? ሻጯን ጠርቼ ሳሳያት "ለሕፃን ነው እኮ፣ ምን አለበት?" አለችኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያበግነኛል። ለሕፃን ስለሆነ እኮ ነው!

ከዚያ በቴሌግራም አዘዝኩ። ፎቶው በጣም ያምራል። ብሩን ከላክሁ በኋላ የደረሰኝ ግን የፎቶ ኮፒ ኮፒ ነው። ሥዕሉ ጠቁሯል፣ መሃል ላይ ገጾች የሉም። መልእክት ብልክ መልስ የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ብሎክ ተደረግሁ። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ እንደ ወትሮው ልብስ ልግዛላቸው ብዬ ነበር።

ይሄን ሁሉ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳወራ "ቲቸር ጋ አልሄድሽም እንዴ?" አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ስንገባ ቲቸር ለኔ ሰላምታ ሰጡኝና ወዲያው ወደ ልጄ ዞሩ። ስለ ዋጋም ስለ ምኑም አላወሩኝም። "እስቲ የኔ እመቤት፣ ምን እንስሳ ትወጃለሽ?" አሏት። ልጄ አያቷ አገር ያየችውን ጭላዳ ዝንጀሮ ነገረቻቸው። ስለ ጭላዳ ደረቱ ላይ ስላለው ቀይ ምልክት ሁለቱ ረጅም ወሬ ያዙ። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። እዚያው ሳሉ እጄ ላይ የነበረውን፣ እኔ ደህና ነው ብዬ ያነሳሁትን ወፍራም መጽሐፍ ተቀብለው ልጄ ፊት ዘረጉት።

"ከዚህ ገጽ አንብቢልኝ። የሚያስቸግርሽ ቃል ሲመጣ አንድ ጣት እጠፊ።"

ልጄ ጀመረች። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ገጹ ሳይጋመስ አምስቱም ታጥፎ እጇ ጭብጥ ሆነ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ልታለቅስ ነው። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ቲቸር ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። የተጨበጠውን እጇን ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጉላት። "ጎበዝ፣ ሳትደብቂ አጠፍሽልኝ። አሁን አወቅን። ይሄ መጽሐፍ ለትንሽ ጊዜ ይጠብቅሽ" አሏት። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ስሟን በትልቁ ጻፉበት፣ መጽሐፉ ውስጥ አስገቡት፣ እሷ እያየች መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። "ያንቺ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሸጠውም። ስትደርሺበት ትመጫለሽ።" ወደ ኔ ዞር ብለው ደግሞ "ዛሬ ለአንቺም አልሸጥልሽም፣ ብርሽን አታባክኚ" አሉኝ።

እንዲህ የሚል ነጋዴ አይቼ አላውቅም። በበዓል ሰሞን፣ ያውም ውድ መጽሐፍ፣ ደንበኛ እጅ ላይ ያለውን ተቀብሎ የሚመልስ ሰው!

ከዚያ ሌላ ቀጭን መጽሐፍ አመጡ። ሥዕሉ ትልልቅ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ልጄ አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ የታጠፈው አንድ ጣት ብቻ ነበር። ሳትታዘዝ ሁለተኛውን ገጽ ቀጠለች። በአማርኛ መጽሐፍ እንዲህ ስታደርግ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቲቸር ስለ ፊደላቱ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው በኋላ እንደሚለመድ፣ ስለ ዲቃላዎቹም ብዙ አስረዱኝ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ግን እስከዛሬ እየሠራሁበት ነው፦ ማታ ማታ አንድ ገጽ እኔ፣ አንድ ገጽ እሷ። ሲያቅታት "እንደገና በይው" አልላትም። ቃሉን እነግራትና ትቀጥላለች። "መሃል ላይ ፈተና አታድርጊባት" ነው ያሉኝ ቲቸር። ለውጡን እኔ ብናገር የእናት ነገር ይሆናል። አያቷን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል፤ አሁን ስልኩ ለኔ አይመለስም።

ያ ወረቀት ያለበት መጽሐፍ አሁንም እዚያው አለ። በሄድን ቁጥር ልጄ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ለሌሎቹ ልጆች የመረጡልኝንም ልንገራችሁ፣ ለገና ሐሳብ ይሆናችኋል። ዓመት ላልሞላው የአክስቴ የልጅ ልጅ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ የሥዕል መጽሐፍ ሰጡኝ። "ይነክሰዋል፣ ይጥለዋል፣ ግድ የለም፤ ከአሁኑ ይልመደው" አሉኝ። ለአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ አንድ ዓይነት ሐረግ እየተደጋገመ የሚመጣበት ተረት መረጡ። ልጅቷ ሁለት ሦስቴ ከሰማችው በቃሏ ይዛ ያነበበች እየመሰላት ትገልጠዋለች፤ ማንበብ የሚጀመረው እንዲህ ነው ብለውኛል። እውነትም እህቴን በየማታው ያንኑ መጽሐፍ እያስነበበቻት ነው።

የፈራሁት ለአሥራ ሁለት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ነበር። ከኳስ በቀር ምንም አይሰማም። ቲቸር ስለ ሯጮቻችን የሚያወራ መጽሐፍ አወጡና "ስትሰጪው ይሄን ንገሪው" አሉኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። እንዳሉኝ ዋዜማውን ጠብቄ ነግሬው ሰጠሁት። ልጁ "ልክ ዛሬ?" ብሎ መጽሐፉን ተቀበለኝ፤ እራት እስኪቀርብ ከሶፋው አልተነሳም። በስጦታ እንዲህ የተሳካልኝ ጊዜ የለም።

ለቤቱ በሙሉ ደግሞ የእንቆቅልሽ መጽሐፍ ጨመሩልኝ። ይሄንን በተለይ እመክራችኋለሁ። የበዓሉ ዕለት ቡና ተፈልቶ ሁላችንም እንደተቀመጥን ልጄ መጽሐፏን ይዛ መሃል ገባች። "እንቆቅልህ!" "ምን አውቅልሽ!" "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" ወንድሜ አላወቀም፤ አገር ስጠኝ ብላ ጎንደርን ተቀበለችው። ውሃ መሆኑን ስትነግረው ተናዶ ሌላ ጠየቃት። ጅማም ሄደች፣ ሐረርም ሄደች። ቴሌቪዥኑን ማን እንዳጠፋው አላውቅም፣ እስከ ምሽት ማንም መልሶ አልከፈተውም።

እኛ እኮ አባባ ተስፋዬን እየሰማን ነው ያደግነው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እንደ ቤተሰብ ነው ያለቀስኩት። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ብድግ ብለን እንመልስ ነበር። አባቴ ደግሞ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ከስታዲየም አካባቢ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ነገር ሳይዝልኝ አይገባም። በደርግ ጊዜ ከሶቭየት ኅብረት የሚመጡ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት በርካሽ ይገኙ ነበር። የኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም መጻሕፍት ነበሩ። አባቴ ሀብታም አልነበረም፤ ጫማው ተቀድዶ እንኳ መጽሐፉ አይቀርም። ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜንና ቀኑን ይጽፍልኝ ነበር። እነዚያ መጻሕፍት ቤት ስንቀያይር ጠፉ፤ ጽሕፈቱ ግን ዓይኔ ላይ አለ።

ይሄን ያመጣሁት በምክንያት ነው። ቲቸር መጽሐፎቹን በቡኒ ወረቀት ሲጠቀልሉ "የልጆቹን ስም ንገሪኝ" አሉኝና እስክሪብቶ አነሱ። በዚያ በሰሌዳ ጽሕፈታቸው እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የልጁን ስም፣ ከሥሩ "መታሰቢያ ይሁንህ፣ እንቁጣጣሽ 2018" ብለው ጻፉ። ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብዬ እንባዬ መጣ። ምን ሆንሽ አላሉኝም። ለልጄ ከረሜላ ሰጥተው ወሬ ያዙላት።

ሌላም ነገር ልጨምር። እኛ እያለን አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ገብታ ዋጋ ጠየቀችና አንገቷን ደፋች። ቲቸር በዝቅተኛ ዋጋ አንድ ያገለገለ መጽሐፍ ፈልገው ሰጧት። ከዚያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ እንደሆነ፣ የልጆች ክፍል እንዳለውና በነፃ እንደሚነበብ ነግረው መንገዱን እስከ በር ወጥተው አሳዩአት። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ሰው እንደላኩበት እሳቸው ያውቃሉ። መጽሐፍ እየሸጡ ሰውን ወደ ነፃ ቤተ መጻሕፍት የሚልኩ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

እና ወገኖቼ፣ ሂዱ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ልጁ ከሄዳችሁ ቲቸር ስለ ልጁ ብዙ ይጠይቋችኋል፣ ተዘጋጁ። የምታነቡት ገጽ እስከሚያልቅ ማንም "ክልክል ነው" አይላችሁም። የገና ሳምንት ሱቋ ትጨናነቃለች፣ ስለዚህ ታህሳስ ሳይጋመስ ብትሄዱ ጥሩ ነው። እሁድ ዝግ ናቸው። መጽሐፉ ከሌላቸው "የለኝም" ይሏችኋል እንጂ ሌላ አያሸክሟችሁም። ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር ወይም ውጭ አገር ላለ ልጅ መላክ የምትፈልጉም ብትሆኑ ዕድሜውንና የሚወደውን ንገሯቸው፤ መርጠው ጠቅልለው ይጠብቋችኋል። ትክክለኛውን አቅጣጫ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።

ቲቸር፣ ይሄን ልጅዎ ካነበበችልዎት፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለገና ዝርዝሬን ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ።